የተፋቀው ቁስል

በዚያ ሆስፒታል ከእኔ የተሻለ ቁስል የሚያጥብ ሰው የለም ይባል ነበር። ያሉት ሌሎች ናቸው፤ ያመንኩት ግን እኔ ነኝ። ዕድሜዬ ሃያ ስምንት፣ የትውልድ አገሬ መራዊ፣ ሥራዬ ድሬሰር ነበር። ባሕር ዳር ከገባሁ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጣቱን መኪና የበላው የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከዛፍ የወደቀ ገበሬ፣ ከግንባር የመጣ ወታደር፣ ሁሉም በእኔ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። መግል የያዘ ቁስል ካገኘሁ ቀይ ሥጋው እስኪታይ ሳላጠራ አልለቅም። በሽተኛው ቢጮህም አልለቅም። ጩኸት የሥራው ጠባይ ነው ብዬ ስለማምን ጆሮዬ ከለመደው ቆይቷል።

ጊዜው የደርግ ነው። የኖረበት ያውቀዋል፤ ላልኖረበት አንድ ነገር ብቻ ልንገረው። በዚያን ጊዜ ዕቃ ሲበላሽ ተበላሸ አይባልም፤ ማን አበላሸው ነው የሚባለው። ሻጥር የሚሉት ቃል ነበር። ከመድኃኒት ክፍል አንድ ባልደረባችን የማቀዝቀዣ በር ሳይዘጋ ሄዶ መድኃኒት ስለተበላሸ ብቻ ተወስዶ አምስት ወር ታስሯል። ሲፈታ የዘጋውን በር ሦስት አራት ጊዜ እየተመለሰ የሚገፋ ሰው ሆኖ ነበር። እኛም አይተን ዝም።

ማስተዋል ከዘጌ በታንኳ የመጣች የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ለድግስ የተጣደ የፈላ ውሃ ቀኝ ክንዷ ላይ ተገልብጦባት፣ ከክርኗ በላይና በታች ያለው ቆዳ ተገሽልጦ ሄዷል። እናቷ በሕይወት የለችም። የምታስታምማት ሴት ስላልነበረች አባቷ መሪጌታ ጥበቡ ራሳቸው ከአልጋዋ አጠገብ መሬት ላይ ቁርበት አንጥፈው ተቀመጡ። መሪጌታ ቆዳ ወጥረው፣ ፍቀው፣ ብራና አውጥተው ዳዊት የሚጽፉ ሰው ናቸው። ዝምተኛ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን በጠርሙስ ጠበል ያመጡና ግንባሯ ላይ ይረጩላታል።

ሦስት ሳምንት አለፈ። የላይኛው ክንዷ ዳነ፤ የክርኗ እጥፋት ግን እምቢ አለ። ዶክተር ኤልያስ ከጭኗ ቆዳ ወስዶ ሞከረ፤ አልያዘላትም። ልጅቱ ከስታለች፤ ደግማ የምትቆረጥበት አቅም የላትም። ክንዷ ደግሞ ከቀን ቀን እየታጠፈ ነው።

"እንዲህ ከዘጋ ጠባሳው ክርኗን አጥፎ ይይዘዋል፤ ከእንግዲህ አትዘረጋውም" አለ ዶክተሩ ለአባትየው።

"ቀኟን?" አሉ መሪጌታ።

"ቀኟን።"

ዶክተር ኤልያስ ከሶቪየት ኅብረት ተምሮ ከተመለሰ ዓመት ቢሆነው ነው። በዚያው ሰሞን ከሻንጣው ሁለት እሽጎች ይዞ መጣ። አስተማሪው ሲሰናበተው የሰጠው መሆኑን ነገረን። በየእሽጉ ውስጥ የመዳፍ ስፋት ያላት፣ ነጭ፣ ስስ፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ቁራጭ አለች። ኮላጅን ነው አለን።

መሪጌታ በእሽጉ ላስቲክ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ትክ ብለው አዩዋት። "ቆዳ ነው" አሉ።

ዶክተሩ ደነገጠ። "በምን አወቁ?"

"አርባ ዓመት ቆዳ ስፍቅ የኖርሁ ሰው ነኝ። የምን ነው?"

"የጥጃ። ፀጉሩም፣ ስቡም፣ ሌላው ሁሉ በኬሚካል ወጥቶ የቀረው አውታሩ ብቻ ነው። ቤት ሲሠራ ግንበኛ የሚወጣበት የባሕር ዛፍ ርብራብ አለ አይደል? ይህም ለሥጋዋ እንደዚያ ነው። አዲሱ ሥጋና የደም ሥር በዚህ ውስጥ እየተንጠላጠለ ያድጋል። ካደገ በኋላ ይህኛው እየሟሟ ይጠፋል።"

"ለመሆኑ ይዞ ያውቃል?"

"እዚያ ሲይዝ አይቻለሁ። እዚህ የመጀመሪያዋ ልጅዎ ናት።"

መሪጌታ ትንሽ አሰቡና "በሉ እግዚአብሔር ይርዳችሁ" አሉ።

ሐሙስ ዕለት ዶክተሩ ራሱ ለጠፈላት፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ አቀብለው ነበር። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሮ "የላይኛውን ፋሻ ብቻ ትቀይራለህ። ሥሩን እስከ ሰባት ቀን ማንም አይነካውም" አለኝ። በሚገባ ሰምቻለሁ። ቁራጯ ስትርስና ስትሟሟ ምን እንደምትመስል ግን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ስለ ቁስል መጠየቅ ለእኔ ውርደት ነበር።

እሑድ ጠዋት ሐሙሲት ከተማ አጠገብ አውቶቡስ ተገልብጦ ዶክተሩ በአምቡላንስ ወደዚያ ሄደ። መሪጌታ ቅዳሴ ናቸው። ማስተዋልን ማጠቢያ ክፍል አስገብቼ ፋሻውን ፈታሁ። ያ ነጭ ነገር የለም። በምትኩ ቢጫ፣ የላላ፣ የሚያንጸባርቅ ልጋግ ክርኗን ሸፍኖታል። ትንሽ ይሸታልም።

መግል ነው አልኩ በልቤ። በስድስት ዓመት ውስጥ ቢጫ ሆኖ፣ ለስልሶ፣ ሸትቶ መግል ያልሆነ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ወረንጦዬን አነሳሁ።

"ጋሼ፣ እሱ አይነካም ተብሏል" አለች ማስተዋል።

"ማነው ያለሽ?"

"ዶክተሩ። አባባም ሰምቷል።"

"ዶክተሩ የተናገረው ሳይመግል ነው። አሁን መግሏል። ዝም ብለሽ ግድግዳውን እዪ።"

"ኧረ ጋሼ!"

አልሰማኋትም። ከዳር ይዤ ስስበው ግማሹ እንደ ራሰ ወረቀት ተነሣ። ወደ መሃል ስደርስ ግን አልነሣም አለ። ጠበቅ አድርጌ ሳብኩት። ልጅቱ ጮኸች፤ ደም ነጥብ ነጥብ እያለ ወጣ። ጎንበስ ብዬ ሳይ በዚያ ቢጫ ነገር ውስጥ እንደ መርፌ ጫፍ የደቀቁ ቀያይ ነጥቦች ከሥር ወደ ላይ መጥተዋል።

መግል አይታገልም። ይህ ታገለኝ። ያን ጊዜ ምን እንዳደረግኩ አወቅኩ። ግማሹን አንስቻለሁ፤ ግማሹን ብተወው ደግሞ ያነሣሁት ይታወቃል። ስለዚህ ጨረስኩት። አሁንም ይህን ስጽፍ የማፍረው በዚያ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ስህተት ነበር፤ ሁለተኛውን ግን እያወቅኩ ነው የፋቅኩት።

በጎዝ ሸፈንኩ፣ አዲስ ፋሻ ጠመጠምኩ፣ ባልዲውን ራሴ ወስጄ ደፋሁ። ማስተዋል ፊቷን እንዳዞረች አልጋዋ ላይ ወጣች። መሪጌታ ከቅዳሴ ሲመለሱ በመስኮት አየኋቸው፤ እንደ ወትሮው ከጠርሙሱ ግንባሯ ላይ ረጩላት። እሷም ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም። እኔን አላዩኝም።

ሰኞ ጠዋት ዶክተሩ ፋሻውን ሲፈታ እጆቹ ባሉበት ቆሙ። "የት ሄደ?" አለ። ዝቅ ብሎ አሸተተ፣ ጠርዙን በጣቱ ነካካ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"ወይ ሰውነቷ ገፍቶታል፣ ወይ አንድ ሰው ነክቶታል" አለ። "ገፍቶት ከሆነ ሁለተኛዋንም ይገፋል። የቀረችኝ አንዲት ናት፤ በከንቱ አላባክናትም። አንገቱ የተቃጠለ ወታደር ከደብረ ታቦር ይመጣል ብለውኛል፤ ለእሱ ትሆናለች።"

ወሬው ከክፍሉ ቀድሞ ወጣ። የሆስፒታሉ የፓርቲ ተጠሪ ጓድ አስፋው ጫማውን እያንኳኳ መጣ። ከራስጌ ያለውን የጠበል ጠርሙስ ሲያይ ያገኘው መሰለው።

"ይኸው! ከወዳጅ አገር የመጣ የሳይንስ ውጤት በውሃ ታጥቦ ሄደ። ሽማግሌ፣ ይህን ረጭተሃል?"

"ረጭቻለሁ" አሉ መሪጌታ።

"ቁስሉ ላይ?"

"ግንባሯ ላይ። ቁስሉ ላይ አላፈሰስሁም።"

"ማን ያምንሃል?"

መሪጌታ ወደ ዶክተሩ ዞሩ። "ልየው?" ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። ክንዷን ደግፌ የያዝኩት እኔ ነኝ። መሪጌታ መነጽር የላቸውም፤ ዓይናቸውን ቁስሉ ላይ ሊደርስ እስኪቀር አቀረቡት። ትንፋሻቸው እጄ ላይ ይሰማኛል። ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ሰውነቷ የገፋው አይዶለም" አሉ ቀና ብለው። "ውሃም የወሰደው አይዶለም። ውሃ የፈታው ቆዳ ጠርዙ ያብጣል፣ ይልማል። ይኸ ጠርዙ ጭረት አለው፤ ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ነው። ብረት ነው የነካው። ተፍቋል። የያዘ ነገር ነው የተፋቀ፤ ደሙን እዩት። እንደገና ቢለጥፉላት ይይዛል።"

ዶክተሩ ጠጋ ብሎ አየ። ደግሞ አየ። "እውነታቸውን ነው" አለ፤ ድምፁ ተለወጠ። "ይዞላት ነበር ማለት ነው።"

"ማን ፋቀው?" አለ ጓድ አስፋው።

መሪጌታ ቀና ሲሉ ዓይናቸው ዓይኔ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ወደ እጄ ወረደ። ክንዷን እንደያዝኩ ነኝ።

"ስትፋቅ አላየሁም፤ እኔ ቅዳሴ ነበርሁ" አሉ።

ዶክተሩ ልጅቱን ጠየቃት። "ማስተዋል፣ ማን ነው የነካሽ?"

አባቷን አየች። "ተኝቸ ነበር" አለች።

ጓድ አስፋው ሳቀ። "እኔ ልንገራችሁ? በዚህ ግቢ ውስጥ ቆዳ መፋቅ የሚያውቅ ማነው? አርባ ዓመት ስፍቅ ኖርኩ ብሎ ለክፍሉ ሁሉ የተናገረው ማነው? ፋቂ ራሱ ነው! የጥጃ ቆዳ ነው ሲባል ረክሷል ብሎ ፋቀው፣ አሁን ደግሞ መርማሪ ሆኖ ያብራራልናል። ተነሥ!"

ለአንድ ሊቅ ፋቂ የሚል የንቀት ስም መስጠት ምን ማለት እንደሆነ አገሩን ለሚያውቅ አልነግርም። መሪጌታ ግን አልተቆጡም። "ለልጄ ትለጥፉላታላችሁ?" ብለው ዶክተሩን ብቻ ጠየቁት።

"ዛሬውኑ" አለ ዶክተሩ፤ እሳቸውን ማየት ግን አቅቶት መሬት መሬት እያየ ነበር። እሱም የጓድ አስፋውን ክስ አምኖ ነበር መሰለኝ።

ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ወደ ቀበሌ ወሰዷቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ ሄዱ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ የማቀዝቀዣው ሰው በሩን ሲገፋ ታየኝና ዋጥኩት።

ሁለተኛዋ ቁራጭ በዚያው ቀን ተለጠፈች። ዶክተሩ ሲጨርስ ትከሻዬን ያዘኝ። "ደመላሽ፣ ከእንግዲህ ካንተ በስተቀር ማንም እንዳይነካት። አንተን ነው የማምነው።" የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ቀጥሎ ያሉት ቀናት ረዘሙብኝ። ጠዋት ጠዋት የላይኛውን ፋሻ ልቀይር እገባለሁ። ማስተዋል አታለቅስም፣ አትናገርም፤ ክንዷን ትዘረጋልኝና ዓይኗን ትጨፍናለች። የሚያጎርሷት ከጎኗ የተኙ፣ ከአንበሳሜ የመጡ ሴት ናቸው። "ልጅቱ እኮ አባቷን ነው የራባት" አሉኝ አንድ ጊዜ። እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። በየቀኑ ዛሬ እናገራለሁ እላለሁ፤ ለማን፣ እንዴት፣ በማን ፊት እያልኩ ደግሞ አሳድራለሁ። መሪጌታ የሸፈኑኝ ስለ እግዚአብሔር ብለው ነው፤ የጽድቅ ሥራቸውን ለምን አፈርሳለሁ እስከማለትም ደርሼ ነበር። ሰው ራሱን ለማዳን የማይፈጥረው ምክንያት የለም።

በአራተኛው ቀን ጎዙ ጠርዝ ላይ ተጣብቆ ነበርና ላላቅቀው ወረንጦ አነሣሁ። ብረቱ ከትሪው ሲነሣ ድምፅ አሰማ። ማስተዋል ዓይኗን ገለጠች። መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፤ ክንዷን ግን አልሰበሰበችም።

"ጋሼ" አለች በሹክሹክታ፣ "አልተናገርሁም እኮ።"

ወረንጦውን አስቀመጥኩ። ጎዙን በጨው ውሃ አርሼ ራሱ እስኪለቅ ጠበቅኩ። ሸፈንኩላት። ከዚያ እጄን ሳልታጠብ ቀጥ ብዬ ዶክተሩ ቢሮ ገባሁና ቆሜ ነገርኩት፤ የመጀመሪያውን ግማሽም፣ ሁለተኛውንም።

ዶክተር ኤልያስ አልጮኸም። እስክሪብቶውን ዘጋ። "ከታሰሩ ስንት ቀን ሆናቸው?"

"አራት።"

"አራት ቀን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ደህና አደሩ ትለኛለህ።"

ወረቀት አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። "በሥራ ላይ የደረሰ ስህተት ብዬ ነው የምጽፈው። እኔም በደንብ ስላላስረዳሁ ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው። ቀሪውን ግን አንተ ራስህ በአፍህ ትናገራለህ። አሁን።"

አብረን ወደ ቀበሌ ሄድን። ጓድ አስፋውም ተጠርቶ መጣ። በሊቀ መንበሩ ፊት ቆሜ ተናገርኩ። ድምፄ እየተቆራረጠ ሁለት ጊዜ ድገም ተባልኩ። ጓድ አስፋው ተሳሳትኩ አላለም፤ "ታዲያ ሽማግሌው ለምን አልተናገረም? ይህም መደበቅ ነው" ብሎ ሊከራከር ሞከረ። ዶክተሩ ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ መሪጌታ ካልተፈቱ አልሄድም አለ። ረጅም ሰዓት ከተነጋገሩ በኋላ ተፈቱ። እኔ በምትካቸው ስምንት ቀን ታሰርኩ፤ ስወጣም ዓመት ሙሉ ከቁስል ክፍል ወጥቼ ልብስ ማጠቢያ እንድሠራ ተወሰነብኝ። ከጠበቅኩት ቀለለኝ።

መሪጌታን ያገኘኋቸው እዚያው ቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው፤ እሳቸው ሲወጡ እኔ ስገባ። ከሐይቁ የሚመጣ ነፋስ ነጠላቸውን ያራግበዋል። አራት ቀን መሬት ላይ ተኝተው ፊታቸው ጠቁሯል። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ጎትተው አነሡኝ።

"ይቅር ይበሉኝ አባቴ።"

"እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ። ክንዷስ?"

"ይዟል። ቀይ ሥጋ እየመጣ ነው ይላሉ ዶክተሩ።"

"ተመስገን።" ሊሄዱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። ይህን ጥያቄ ባልጠይቅ ኖሮ ምናልባት ዕድሜ ልኬን ተጽናንቼ እኖር ነበር።

"እኔ መሆኔን አውቀው ነበር። ለምን ዝም አሉ? ስለ እግዚአብሔር ብለው ነው?"

ትኩር ብለው አዩኝ። ቁጣ የለባቸውም፤ ደክሟቸዋል።

"ተወው፣ አታሳምረው ልጄ። ፈርቸህ ነው።"

"እኔን?"

"ታዲያ ማንን ልፍራ? ያ የሚጮኸው ሰውየ ቢበዛ እኔን ያስር። ልጄን ጠዋት ጠዋት የምትፈታት አንተ ነህ። ስምህን ባነሣ በማግስቱ ክንዷን የምትይዘው አንተ። በሩ ተዘግቶ ምን እንደምታደርጋት በምን አውቃለሁ? እሷንም አትናገሪ ያልኋት እኔ ነኝ።" ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እኔ አንተን አላውቅህም እኮ። የማውቀው የያዝኸውን ብረት ነው።"

ይህን ብለው ወደ ልጃቸው ሄዱ። እኔን ወደ ውስጥ አስገቡኝ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ቁስል ክፍል ተመልሼ እስከ ጡረታዬ ሠርቻለሁ። ቁስል ከመንካቴ በፊት ምን እንደማደርግ መናገር፣ ተው ሲሉኝ መተው፣ የማላውቀውን መጠየቅ ከዚያ ወዲህ የለመድኩት ነው። አለቃዬ በአንድ በሽተኛ ላይ የእኔን ያህል ጊዜ የሚፈጅ ድሬሰር የለም ብሎ ገምግሞኛል፤ ልክ ነው፤ ዘገምተኛ ሆኛለሁ። ክፉ ሰው አልነበርኩም። ክፉ መሆን ግን አላስፈለገኝም። በሽተኛ ዝም ሲል እውቀቴን ያከበረ ይመስለኝ ነበር፤ ያቺ ልጅ በምትዘረጋልኝ ክንድ ላይ ግን ምን ያህል ፍርሃት እንደነበረ አራት ቀን ሙሉ ፊት ለፊቷ ቆሜ አላየሁም። እናንተም ሌላው የሚፈራችሁ ቦታ ላይ ተቀምጣችሁ ይሆናል፤ መምህር፣ ዳኛ፣ ወይም እንደ እኔ ወረንጦ የያዛችሁ። ዝም ያላችሁን ሰው አንድ ጊዜ ቀና ብላችሁ እዩት።

ማስተዋልን ደግሜ ያየኋት ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የዘጌ ታንኳዎች ከሚደርሱበት ዳርቻ ነው። ቁመት ጨምራለች። በቀኝ እጇ የሎሚ ዘንቢል አንጠልጥላ ነበር፤ ክንዷ ቀጥ ብሏል፣ ጠባሳው ራሱ ከሩቅ አይታይም። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ "ማስተዋል!" ብዬ ተጣራሁ።

አወቀችኝ። ዘንቢሉን መሬት አስቀመጠች፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ "ደኅና ነዎት ጋሼ?" አለችኝ በትሕትና። ቀኝ ክንዷን ግን ነጠላዋ ሥር አስገብታ፣ በግራዋ ይዛው ነበር።